ሴሉ ለምን አልሞተም?

የካንሰር ሴል መግደል ያን ያህል ከባድ አይደለም። ሳህን ላይ ያለ ሴል በረኪና ጠብ ቢደረግበት ይሞታል። ጨው ቢበዛበት ይሞታል። ኢንኩቤተሩ ሌሊት ተበላሽቶ ሙቀቱ ከተዛባ ጠዋት ሁሉም ሞተው ይገኛሉ። ስለዚህ «ላብራቶሪ ውስጥ የካንሰር ሴል የሚገድል ነገር ተገኘ» የሚል ዜና በቴሌግራም ሲዞር ሳይ ቶሎ አልደሰትም። እኔን እዚህ ሥራ ላይ ያቆየኝ የተገላቢጦሹ ጥያቄ ነው። መሞት የነበረበት ሴል ለምን አልሞተም?

የምሠራው ሴሎች ወደ ውጭ በሚለቋቸው ፕሮቲኖች ላይ ነው። ሴል ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች አብዛኞቹ እዚያው ውስጥ ይቀራሉ። የተወሰኑት ግን ወደ ውጭ ይወጣሉ። በሴሎች መካከል ባለው ፈሳሽ አልፈው ሌላ ሴል ጋ ይደርሳሉ። ያ ሴል የሚገጥማቸው ተቀባይ ላዩ ላይ ካለው ይያዛሉ፣ መልእክታቸውም ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሴሉ ሊከፋፈል፣ ቦታ ሊለቅ፣ ሊሞት ወይም ከሞት ሊተርፍ ይችላል። ኢንሱሊን የዚሁ ወገን ነው። ስኳር ያለበት ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ውዬ የማመሸው ግን ኤችጂኤፍ ከሚባለው ጋር ነው።

አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ በደወልኩ ቁጥር ስለ ሥራዬ ትጠይቀኛለች። እሷ ራሷ የጡት ካንሰር ታክማ የተረፈች ናት።

«ታዲያ ልጄ፣ ያ ፕሮቲንሽ ካንሰሩን ይገድለዋል ወይስ ያፋፋዋል?»

«እንደ ሴሉ ነው፣ እትዬ።»

«እንደ ሴሉ ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ነገር ወይ መድኃኒት ነው ወይ መርዝ ነው!»

ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም። ብዙ ተመራማሪ ዕድሜውን የፈጀበት ነው። በስልክ አልመለስ ስላለኝ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሴሎች በሚለቁት ነገር የሌላውን ሴል ዕድል እንደሚወስኑ በግልጽ ካሳዩት ሰዎች አንዷ ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ናት። ቱሪን የተማረች ጣሊያናዊት ሐኪም ነበረች። ሙሶሊኒ አገራችንን በወረረ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1938፣ አይሁዶችን ከዩኒቨርሲቲ የሚያባርር ሕግ አወጣ። እሷም ከሥራዋ ተባረረች። ይሁንና መኝታ ክፍሏ ውስጥ ላብራቶሪ አቋቁማ የዶሮ ሽል ማጥናቷን ቀጠለች። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ገባች። እዚያ የአይጥ ዕጢ የዶሮ ሽል ላይ ሲተከል የሽሉ ነርቮች ያለ ልክ እንደሚያድጉ አየች። ዕጢውን ያልነኩት ነርቮች ጭምር አድገው ነበር። ስለዚህ ዕጢው አንድ ነገር እየለቀቀ መሆን አለበት አለች።

ይህን ለማረጋገጥ በ1952 ዕጢ ያለባቸውን ሁለት አይጦች በእጅ ቦርሳዋ ይዛ በአውሮፕላን ሪዮ ዴ ጄኔሮ ሄደች። እዚያ ሴል ከአካል ውጭ የሚያሳድግ ላብራቶሪ ያላት ወዳጅ ነበረቻት። የዕጢውን ቁራጭና ከዶሮ ሽል የወጣ የነርቭ ሴሎች ስብስብ ሳያነካካ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ስብስቡ በአንድ ቀን ውስጥ ዙሪያውን ክር አወጣ። በኋላ ስታንሊ ኮኸን ፕሮቲኑን ለይቶ አወጣው። በ1986 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ያ ፕሮቲን ባይኖር ብዙ የነርቭ ሴሎች ገና በሽልነት ይሞታሉ።

ይህን ሙከራ እወደዋለሁ። ሁለት ነገሮች አሉ፣ አይነካኩም፣ በመካከላቸው ፈሳሽ አለ። አንዱ ሌላውን ከለወጠው የለወጠው ነገር ያለፈው በፈሳሹ ነው። ዛሬም የምናደርገው በመሠረቱ ይህንኑ ነው። አንድ ዓይነት ሴል እናሳድጋለን፣ የኖረበትን ፈሳሽ እንወስዳለን፣ ሌላ ሴል ላይ እናፈሳለን፣ እንጠብቃለን።

ወደ ኤችጂኤፍ ልምጣ። ታሪኩ ከጉበት ይጀምራል። የአይጥ ጉበት ሁለት ሦስተኛው ተቆርጦ ቢወጣ በአጭር ጊዜ መልሶ ይሞላል። የዚያ አይጥ ሴረም፣ ማለትም ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ፣ ሳህን ላይ ባሉ የጉበት ሴሎች ላይ ሲጨመር እነሱም ይከፋፈላሉ። በ1984 ጃፓናዊው ቶሺካዙ ናካሙራና ባልደረቦቹ ይህን የሚያደርገውን ፕሮቲን ከሴረሙ መለየት ጀመሩ። በ1985 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ማይክል ስቶከር ሌላ ነገር አየ። ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሴሎች አሉ። ቆዳንና ሌሎች አካላትን ደግፎ የሚይዘውን መረብ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ፋይብሮብላስቶች የኖሩበት ፈሳሽ ሲጨመር፣ ተጠጋግተው የሚኖሩ ሴሎች ተለያይተው ተበታተኑ። ጃፓን ውስጥ ሌላ ቡድን ከፋይብሮብላስት ፈሳሽ ውስጥ አንዳንድ የዕጢ ሴሎችን የሚገድል ፕሮቲን አወጣ። በ1991 ግድም እነዚህ ሲነጻጸሩ አንድ ፕሮቲን ሆነው ተገኙ። ጉበት የሚያሳድገው፣ ሴል የሚበትነውና ዕጢ የሚገድለው ያው ኤችጂኤፍ ነው።

አክስቴ «መድኃኒት ነው መርዝ?» ስትል የምትጠይቀው ይህን ነው። ሦስተኛውን ቡድን ብቻ ያነበበ ሰው «ፀረ ካንሰር ፕሮቲን ተገኘ» ብሎ ይጽፍ ነበር። የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበ ደግሞ «ዕጢ ያሳድጋል፣ ከእሱ ራቁ» ይል ነበር። ሁሉም ያዩትን ነው የተናገሩት። ያዩት ግን እነሱ በመረጡት ሴል ላይ ነው። በዚያ ላይ ይህ ፕሮቲን እኛ ራሳችን የምንኖርበት ነው። ጂኑ የተወገደባቸው አይጦች ሳይወለዱ እንደሚሞቱ በ1995 ታይቷል።

ሙከራው በእጅ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ሴሎቹ የሚገቡበት ፕሌት የሚባለው የፕላስቲክ ሳህን ከመዳፍ እምብዛም አይበልጥም። 96 ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት። በየጉድጓዱ ጥቂት ሺህ የሜላኖማ ሴሎች ይገባሉ። ሜላኖማ ከቆዳ ቀለም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። ሴሎቹ የሚኖሩበት ፈሳሽ ሮዝ ነው፤ አሲድ ሲበዛበት ወደ ቢጫ የሚሄድ ማመልከቻ ቀለም አለበት። በማግስቱ ሴሎቹ መሬቱን ይዘው ተዘርግተው ይታያሉ። ከዚያ ረድፍ በረድፍ ይከፈላሉ። አንዱ ረድፍ ምንም አይጨመርበትም። አንዱ መድኃኒት ብቻ ያገኛል። አንዱ ፕሮቲኑን ብቻ። አንዱ ሁለቱንም። አንዱ ደግሞ መድኃኒቱንና ቀድሞ ተቀቅሎ የተበላሸ ፕሮቲን ያገኛል። ይህ የመጨረሻው ለአላዋቂ ከንቱ ድካም ይመስላል። ለእኔ ግን የፕሌቱ ሐቀኛ ምስክር እሱ ነው። የተቀቀለውም ሴሎቹን ካዳነ፣ ያዳናቸው ፕሮቲኑ አይደለም ማለት ነው። ብልቃጡ ውስጥ አብሮ የገባ ሌላ ነገር አለ።

ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ኤምቲቲ የሚባል ቢጫ ኬሚካል ይጨመራል። በሕይወት ያለ ሴል ኢንዛይሞቹ ይህን ቢጫ ወደ ሐምራዊ ይለውጡታል። በማይክሮስኮፕ ስታዩት መርፌ የመሰሉ ሐምራዊ ክሪስታሎች ሴሉ ላይ በቅለው ይታያሉ። ሲሟሟ ጉድጓዱ በሙሉ ሐምራዊ ይሆናል፣ ማሽኑም ድምቀቱን ያነባል። የመድኃኒቱ ረድፍ ገርጥቶ፣ የመድኃኒትና የፕሮቲኑ ረድፍ ደምቆ ሲታይ ደስ የማይለው ተመራማሪ የለም።

ያኔ ነው መጠንቀቅ ያለብን። ሐምራዊው የሚነግረን ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን የኢንዛይም ሥራ ነው። ስንት ሴል እንደሞተ አይነግረንም። ቀለሙ የገረጣው ሴሎቹ ሞተው ሊሆን ይችላል። መከፋፈል አቁመው በሕይወት ተቀምጠው ሊሆንም ይችላል። እየኖሩ ሥራ ቀንሰው ሊሆንም ይችላል። የደመቀውም ቢሆን እንደዚያው ነው። ፕሮቲኑ ከሞት አተረፋቸው? ወይስ ግማሹ ሞቶ የቀሩት ቶሎ ቶሎ ተከፋፍለው ቦታውን ሞሉት? ለታካሚው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። እንቅልፍ ላይ ያለ የካንሰር ሴል ነገ ሊነቃ ይችላል። የሞተ ግን አይነሳም።

ስለዚህ ሞትን ራሱን መለካት ያስፈልጋል። ሴል በሥርዓት ራሱን ሲገድል ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የነበረ አንድ የስብ ዓይነት ወደ ውጭ ይገለበጣል። አኔክሲን ቪ የሚባል ፕሮቲን ይህን ስብ አግኝቶ ይይዘዋል። የሚያበራ ቀለም ከተለጠፈበት መሞት የጀመረውን ሴል ያሳየናል። ሌላ ቀይ ቀለም ደግሞ የሚገባው ሽፋኑ የተቀደደ ሴል ውስጥ ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ በሕይወት ያለውን፣ መሞት የጀመረውንና ጨርሶ የሞተውን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። ከሁሉ የማምነው ግን ትዕግሥት የሚጠይቀውን ነው። ከሙከራው የተረፉትን ሴሎች አራርቆ ዘርቶ ሁለት ሳምንት መጠበቅ። በርግጥ የተረፈ ሴል ከአንድ ተነስቶ በዓይን የሚታይ ነጥብ ያክላል። ይህን ዘዴ ፑክና ማርከስ በ1956 ነው ያስተዋወቁት። እስካሁን አላረጀም።

ሌላው የሚያሳስት ነገር ሴሎቹን የምንመግባቸው ሴረም ነው። ብዙ ጊዜ ከፈሳሹ 10 በመቶው ከጥጃ ሽል የተወሰደ ሴረም ነው። እሱ ራሱ በእድገት ፕሮቲኖች የተሞላ ነው። የአንድ ፕሮቲን ጥቅም እንፈትሽ ብለን ሌሎች ብዙ እየመገብናቸው ከሆነ ልዩነቱ አይታይም። ሴረሙን እንቀንሰው ካልን ደግሞ ሴሎቹ ይራባሉ። የተራበ ሴል ለመሞት ቅርብ ስለሆነ ማንኛውም ነገር የሚያድነው ይመስላል። ኤችጂኤፍ ላይ ጉዳዩ የባሰ ነው። ፋይብሮብላስት የሚለቀው ሥራ በማይሠራ መልኩ ነው። አንድ ኢንዛይም ሲቆርጠው ነው የሚነቃው። ያ ኢንዛይም ደግሞ ሴረም ውስጥ አለ። ስለዚህ ያልተቆረጠውን ገዝቶ ሴረም በሌለው ፈሳሽ ላይ የሚጨምር ሰው «ይህ ፕሮቲን ምንም አያደርግም» ብሎ ሊደመድም ይችላል።

መጠኑም እንደዚያው ነው። በየሙከራው በሚሊሊትር 50 ናኖግራም መጨመር የተለመደ ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ከ1 ናኖግራም በታች ነው። እርግጥ ፋይብሮብላስቱ አጠገብ መጠኑ ከደም ውስጥ ሊበልጥ ይችላል። ግን ስንት? ወረቀት ሳነብ መጀመሪያ የማየው ይህን ቁጥር ነው። ውጤቱን በኋላ ነው የማየው። በባክቴሪያ የተመረተ ፕሮቲን ከሆነ ደግሞ የባክቴሪያው ቅሪት አብሮ መግባት አለመግባቱን ማወቅ እፈልጋለሁ። ሴሎቹ ማይኮፕላዝማ ከሚባለው ጥቃቅን ባክቴሪያ ነጻ መሆናቸውንም ጭምር። እነዚህን ዝም ብሎ ያለፈ ጽሑፍ የቱንም ያህል ቢያምር ልቤ አያርፍም።

አሁን ወደ 2012 ልውሰዳችሁ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በነሐሴ 2011፣ ቬሙራፌኒብ የሚባል መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ ነበር። ብራፍ በሚባለው ጂን ላይ የታወቀ ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ላለበት ሜላኖማ ነው። ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ ዕጢው ቀነሰ። ከዚያ በፊት ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጥ ብዙም ነገር አልነበረም። ግን ጨርሶ የጠፋላቸው ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹም ላይ በወራት ውስጥ ተመለሰ። ሳህን ላይ ሴሎቹን የሚፈጀው መድኃኒት ሰው ላይ ለምን ያስተርፋል?

ቦስተን አካባቢ ያሉ ተመራማሪዎች የካንሰር ሴሎቹን ብቻቸውን መፈተኑን ተዉት። ከፋይብሮብላስቶችና ከመሰል ሴሎች ጋር ቀላቅለው አሳደጓቸው። ችግሩ ሲቀላቀሉ ሐምራዊው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ የካንሰር ሴሎቹ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን እንዲሠሩ አደረጓቸው፣ አረንጓዴውን ብቻ ቆጠሩ። 45 የካንሰር ሴል ዓይነቶች፣ 23 ዓይነት ጎረቤቶች፣ 35 መድኃኒቶች። ብቻቸውን ሲሆኑ የሚሞቱ ብዙ የካንሰር ሴሎች ጎረቤት ሲያገኙ ተረፉ። የብራፍ ሚውቴሽን ያለበትን ሜላኖማ ከቬሙራፌኒብ የሚያድነው የትኛው ፕሮቲን እንደሆነ ሲፈልጉ ያገኙት ኤችጂኤፍን ነው። የካንሰር ሴሉ ሜት የሚባል የኤችጂኤፍ ተቀባይ አለው። መድኃኒቱ ዋናውን መስመር ሲዘጋ፣ ኤችጂኤፍ በሜት በኩል ሌላ መስመር ይከፍታል። ሜትን የሚዘጋ መድኃኒት አብሮ ሲጨመር ሴሎቹ መሞት ጀመሩ። የታካሚዎች ናሙና ሲታይም በዕጢው ዙሪያ ኤችጂኤፍ ያለባቸው ሰዎች ለሕክምናው የሰጡት ምላሽ ደከም ያለ ነበር። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ያለው የጄኔንቴክ ቡድንም በሌላ መንገድ ሄዶ ተመሳሳይ ነገር አገኘ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። የካንሰር ሴሉን ያተረፈው ይኸው ጉርብትና ነው። ፋይብሮብላስቱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ቁስል ሲያይ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። የሚያውቀው ሥራ የተጎዳን ማትረፍ ነው። አጠገቡ ያለው የተጎዳ ሴል ግን የካንሰር ሴል ነበር። ይህ በገባኝ ቁጥር ልቤ ያዝናል። የሚገድለንን የሚያተርፈው የራሳችን ደግ ሴል ነው።

እንግዲህ ኤችጂኤፍን ብናስወግደውስ? ይህም ተሞክሯል። ሪሎቱሙማብ የሚባል ፀረ-አካል፣ ማለትም ኤችጂኤፍን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ተሠራ። ላብራቶሪ ውስጥ ተስፋ ሰጭ ነበር። ትንሽ ጥናት ላይም ጥሩ ምልክት አሳየ። ከዚያ ከፍ ያለ የጨጓራ ካንሰር ያለባቸው 609 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ተጀመረ። በኅዳር 2014 ሙከራው ቆመ። መድኃኒቱን ከኬሞ ጋር ከወሰዱት መካከል የሞቱት በዝተው ተገኙ። በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ኬሞ ብቻ ለወሰዱት 10.7 ወር ሲሆን፣ ፀረ-አካሉ ለተጨመረላቸው 8.8 ወር ነበር።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሳያቸው አሁንም ያመኛል። ሰዎች ናቸው። ጨጓራቸው እያመማቸው ፈርመው የገቡ፣ ቤተሰባቸው ተስፋ ያደረገ። የሞላ እውቀት በሌለበት «ይህ ፕሮቲን ካንሰር ያሳድጋል፣ እንዝጋው» የሚለው ሐሳብ ሰው ዘንድ ሲደርስ ዋጋው ይህን ያህል ነው። ከዚህ የተነሳ ሳይንሱ አልተጣለም። ሜት ራሱ የተበላሸባቸው የሳንባ ካንሰር ታካሚዎች ተለይተው ሲታከሙ ውጤቱ ሌላ ሆነ። ካፕማቲኒብ በ2020 የተፈቀደው ለእነሱ ነው። ታካሚው በትክክል ሲመረጥ በዚያው መስመር ላይ የሚሠራ መድኃኒት ተገኘ። ለአክስቴ «እንደ ሴሉ ነው» የምላት ለዚህ ነው።

ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘው ግን የእኛው ሰው እግር ነው። ጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ሜላኖማ በአብዛኛው የሚወጣው ውስጥ እግር ላይ ነው። ኢትዮጵያም ያው ነው። ሰው እሾህ የወጋው ወይም ጫማ የላጠው መስሎት ይተወዋል፣ ሐኪም ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። በዚህ ዓይነቱ ሜላኖማ የብራፍ ሚውቴሽን የሚገኘው ከሌላው ባነሰ ቁጥር ነው። ያ ሁሉ የ2012 እውቀት በቀጥታ አይገጥመውም። ላብራቶሪዎች ውስጥ ካሉት የሜላኖማ ሴሎችም ከአፍሪካውያን የተወሰዱት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ጎረቤቱም ይለያል። እጃችሁን ገልብጣችሁ እዩት። መዳፋችን ከእጃችን ጀርባ ለምን ይነጣል? በ2004 የታተመ ጥናት ከምክንያቶቹ አንዱን አሳይቷል። የመዳፍና የውስጥ እግር ፋይብሮብላስቶች ዲኬኬ1 የሚባል ፕሮቲን በብዛት ይለቃሉ። ይህ ፕሮቲን የቀለም ሴሎች እንዳይበዙና ብዙ ቀለም እንዳይሠሩ ያግዳል። እንግዲህ ውስጥ እግር ላይ የሚበቅል ሜላኖማ የቀለም ሴል በሚያፍኑ ጎረቤቶች መካከል ነው የሚበቅለው ማለት ነው። እንዴት ተረፈ? ዲኬኬ1ን መስማት አቁሞ ነው? ጎረቤቶቹን ዝም አሰኝቶ ነው? ወይስ ኤችጂኤፍን የመሰለ ሌላ ደጋፊ አግኝቶ ነው?

ይህን መሞከር እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው ፕሌት ቀላል ነው። ከውስጥ እግርና ከጭን ቆዳ የተወሰዱ ፋይብሮብላስቶችን ለየብቻ አሳድጌ፣ ፈሳሻቸውን የእግር ሜላኖማ ሴሎች ላይ አደርጋለሁ። በአንዱ ረድፍ ዲኬኬ1ን በፀረ-አካል እይዘዋለሁ። በአንዱ ኤችጂኤፍን። የተቀቀለውን ረድፍ አልረሳም። ከባዱ ሴሎቹን ማግኘቱ ነው። እዚያው ኢትዮጵያ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው ሰዎች፣ ፈቃዳቸው በሚገባቸው ቋንቋ ተጠይቆ፣ ከወጣው ዕጢ ላይ ትንሽ ቁራጭ መውሰድ ያስፈልጋል። ቁራጩ በሰዓታት ውስጥ ሴል የሚያሳድግ ሰው እጅ መግባት አለበት። ከዚያ መብራት ጠፋ ብሎ የማይሞቅ የፈሳሽ ናይትሮጂን ታንክ ይፈልጋል፣ ናይትሮጂኑን ሳያቋርጥ የሚያመጣ ሰውም ጭምር። ይህን የምታነቡ የቆዳ ሐኪሞች፣ ፓቶሎጂስቶችና ቀዶ ሐኪሞች ካላችሁ እዚህ በታች ጻፉልኝ። ፕሮቶኮሉን እኔ አዘጋጃለሁ።